ሲሄዱ 9 ሰዓት ተኩል፣ ሲመለሱ 20? የትኬት ሰዓት አነባበብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ በሐምሌ ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ዘንድ ልትሄድ ነው። ትኬቷ ረቡዕ 00:30 ከቦሌ ተነስታ በዚያው ረቡዕ 10:00 እንደምትደርስ፣ ስትመለስ ደግሞ 11:00 ተነስታ በማግስቱ 07:00 ቦሌ እንደምትገባ ያሳያል። መንገዱ አንድ ሆኖ መሄጃው 9 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 20 ሰዓት የሆነው ለምንድን ነው? ርቀቱስ ስንት ነው? ከቤት መቼ እንነሳ?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቀኑን ልብ በሉ። «ረቡዕ 00:30» በእኛ አቆጣጠር ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ረቡዕ ማታ ቦሌ ብትደርሱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻ በመነሻው ከተማ፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ብቻ ብታቀናንሱ የጉዞውን ርዝመት አታገኙም። በሐምሌ ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ግድም ልዩነቱ 8 ይሆናል። ሲሄዱ 7ቱን ደምሩ፦ 16 ሰዓት ተኩል። ሲመለሱ ቀንሱ፦ 13 ሰዓት።

ያም ሆኖ የ3 ሰዓት ተኩል ልዩነት ይቀራል። ርቀቱ ወዲያም ወዲህም ያው ነው፤ አጭሩ መስመር ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አቋርጦ በስፔን በኩል አትላንቲክን ሲሻገር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱን የሚያመጣው አንደኛው ነፋስ ነው። በአትላንቲክ ላይ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ጄት ስትሪም የሚባለው ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሲሄዱ ይገፋል፣ ሲመለሱ ያግዛል።

ሁለተኛው የቦሌ ከፍታ ነው። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ተሳፋሪውን፣ ጭነቱንና እስከ ዋሽንግተን የሚያደርሰውን ነዳጅ በሙሉ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። የዋሽንግተኑ ዱለስ ግን 100 ሜትር እንኳ የማይሞላ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከዚያ ነዳጁን ሞልቶ ሳያርፍ ቦሌ ይገባል።

ከደብረ ብርሃን ቦሌ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቦሌ ከበረራው 3 ሰዓት ቀድሞ፣ ማለትም ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል መገኘት ያስፈልጋል። በወረቀት ሲሰላ 11 ሰዓት ላይ መነሳት የሚበቃ ይመስላል፤ እኛ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ተነሱ እንላለን። ሐምሌ ዝናብና ጉም ነው፣ ከለገጣፎ ወዲያ ደግሞ የማታው መጨናነቅ አለ። በመናኸሪያ መኪና ከሆነ እስኪሞላ የሚጠበቀውንም ጨምሩበት። አዲስ አበባ ዘመድ ካለ ሰኞ ገብተው ቢያድሩ የበለጠ ነው።

ለእናትዎ አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሯቸው፦ አውሮፕላኑ መጀመሪያ ሲያርፍ ዋሽንግተን አይደለም። ነዳጅ ለመቅዳት ብቻ ካረፈ ብዙውን ጊዜ ተሳፋሪ አይወርድም፤ አስተናጋጆቹ ውረዱ ካላሉ ከመቀመጫቸው እንዳይነሱ። እህትዎ «አሥር ሰዓት እቀበላታለሁ» ካለችም በእኛ ከረፋዱ 4 ሰዓት ማለቷ ነው። የበረራውን ቁጥር፣ የእህትዎን ስልክና ይህንኑ ሰዓት በአማርኛ ጽፈው ከፓስፖርታቸው ጋር ይስጧቸው።