«ጥሪዬን አላገኘሁም» ስለሚል ጭንቀት

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በልብስ ስፌት ከተቀጠርሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ ስሰፋ እውላለሁ። በሰንበት ትምህርት ቤት «እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰው ጥሪ አለው» ተብለን ተምረናል። እኔ የምሠራው ለእንጀራ ብቻ ስለሆነ ጥሪዬን ያላገኘሁ ይመስለኛል። ሥራውን ትቼ ገዳም ብገባ ይሻለኛል? እስከዚያስ በማሽኑ ላይ ሆኜ ውዳሴ ማርያም ብደግም ነውር ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ስለ ገዳሙ ከመናገሬ በፊት «ጥሪ» የምትለውን ቃል ማንሣት አለብኝ፤ በዚህች ቃል የተጨነቅሽው አንቺ ብቻ አይደለሽምና። በአሞራ ገደል ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ምእመን «ጴጥሮስ መረቡን ጥሎ ጌታን ተከተለ፤ እኔስ መረቤን ይዤ እስከ መቼ?» ብሎ እንባ እየተናነቀው ጠይቆኝ ያውቃል። የሒሳብ ሠራተኞችም የባጃጅ ሾፌሮችም ይህንኑ ይሉኛል። ሁሉም ጥሪን የሚጠብቁት እንደ ሠርግ መጥሪያ ወረቀት ነው፤ ስማቸው ተጽፎበት አንድ ቀን ደጃቸው ይደርሳል፣ በደረሰም ጊዜ የያዙትን ጥለው ይነሣሉ።

ቅዱስ ጳውሎስ ግን በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 7 እያንዳንዱ በተጠራበት ሁኔታ ይኑር ሲል፣ መጠራት ያለው ወደ ክርስቶስ መምጣትን እንጂ የሥራ መደብን አይደለም፤ ባሪያ ሆኖ የተጠራ አለ፣ ነፃ ሆኖ የተጠራ አለ፣ የጠራቸው ግን አንድ ነው። አንቺም በ80 ቀንሽ ክርስትና ስትነሺ በስምሽ ተጠርተሻል። ስለዚህ የቀረሽ ጥያቄ «መቼ እጠራለሁ?» የሚለው ሳይሆን «የተጠራሁት እኔ ይህን ኮሌታ እንዴት ልስፋው?» የሚለው ነው።

ይህን ስል ስፌትሽን ከመንፈሳዊ ነገር ውጭ እንዳታደርጊው እፈራለሁ። በኦሪት ዘጸአት 28፥3 እግዚአብሔር «የጥበብ መንፈስ የሞላሁባቸው» ያላቸው እነማን እንደሆኑ ተማሪዎቼን ስጠይቅ ነቢያትንና ካህናትን ይቆጥሩልኛል፤ እነርሱ ግን የካህኑን የአሮንን ልብስ እንዲሠሩ የታዘዙ ባለሙያዎች ናቸው። ወረድ ብሎ በምዕራፍ 31 ደግሞ ስለ ባስልኤል «በስሙ ጠራሁት» ይላል፤ የጠራውም ወርቅና ናስ እንዲሠራ፣ ዕንቍ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። በሲና ተራራ ሙሴን በስሙ የጠራው አምላክ እጀ ብልሁንም በስሙ ጠርቶታል።

ቋንቋችንም ይህን አይስተውም። በግእዝ «ገብረ» ማለት ሠራ ማለት ነው፤ ግብርም፣ ተግባርም፣ ገበሬም የወጡት ከዚሁ ነው፣ አገልጋይ ማለት የሆነው «ገብር» እንኳ ሳይቀር። የሐዋርያት ሥራ የምንለው መጽሐፍ በግእዝ ግብረ ሐዋርያት ይባላል። ዛሬ ግን «አገልግሎት አለብኝ» ስንል መዝሙር ጥናትን ብቻ፣ «ሥራ አለብኝ» ስንል ደግሞ እግዚአብሔር የማይገባበትን ስምንት ሰዓት ማለታችን ሆኗል፤ አንዱን ቃል ለሁለት የቀደድነው እኛው ነን። በእጅ ሥራ ላይ ያለን ንቀትም የቆየ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ሸማኔውም ቀጥቃጩም ሸክላ ሠሪዋም ይሰደቡ ስለነበር ነው፤ ያንኑ የሰደብነውን ሸማኔ ነጠላ አጣፍተን ግን ቤተ ክርስቲያን እንሳለም ነበር።

«ለእንጀራ ብቻ» ያልሽውንም አልነቅፍም። አበው ደመወዝን «ደም» እና «ወዝ» ብለው ይፈቱታል፤ የፊት ወዝ ከአዳም ውድቀት በኋላ የመጣ ቢሆንም ሥራው ራሱ ግን ከዚያ በፊት በገነት ተሰጥቶት ነበር (ዘፍ. 2፥15)። ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ እንጀራውን በልቷል። በኢዮጴ ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ለጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር። አንቺ የሰፋሽውን ሸሚዝ የሚለብሰውን ሰው እንደ ጣቢታ በዓይንሽ አታዪውም፣ ከልብሱም የሚደርስሽ ኮሌታው ብቻ ነው፤ ይህ ድካም እውነተኛ ነው፣ በስብከት አይሸፈንም። ነገር ግን ኮሌታው የማያውቁትን ሰው አንገት ይነካል፤ ጠማማ ስፌትን «ማን ያየዋል» ብሎ አለማሳለፍ ያን የማይታይ ባልንጀራ መውደድ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። «ጥሪሽ ነውና ዝም ብለሽ ሥሪ» የሚልሽ ሰው ቢኖር አትስሚው። ያዕቆብ በመልእክቱ የተከለከለው የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል ብሏል፤ ጳውሎስም በዚያው በቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 7 ባሪያውን ነፃ መውጣት ቢቻልህ ተጠቀምበት ይለዋል። የተሻለ ሥራ ብታገኚ ወይም ማታ ተምረሽ ሙያ ብትለውጪ ከጥሪሽ አልወጣሽም።

ገዳምን በተመለከተ ከሥራ ማረፊያ አድርገሽ ካሰብሽው ተሳስተሻል፤ መነኮሳይያቱ ከጸሎቱ ጋር ተግባረ እድ አለባቸው፣ ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ። አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ በከተማ የሚኖር አንድ ሐኪም በጽድቅ እኩያው እንደሆነ ተገልጦለታል፤ ያ ሐኪም ከፍላጎቱ የተረፈውን ለድሆች ይሰጥና ዕለት ዕለት ከመላእክት ጋር ያመሰግን ነበር። ኮሌታ ስለሰለቸሽ የምትገቢ ከሆነ ከመመንኰስ በፊት ባለው የአመክሮ (የፈተና) ጊዜ እንጀራ መጋገሩም ይሰለችሻል። ምንኵስናን ስለ ራሱ ወድደሽው እንደሆነ ግን ይህን የሚመረምሩልሽ የሚያውቁሽ የንስሐ አባትሽ ናቸውና ለእርሳቸው ንገሪ።

ውዳሴ ማርያሙን ድገሚ፣ ነውር የለበትም። ዓይንሽ ግን ከመርፌው አይነሣ።