ውሻው የማን ነው? ስለ ውሻ ባለቤቶች ኃላፊነት ጥያቄና መልስ

በጥብቅና ሥራዬ ከውሻ ንክሻ ጋር የተያያዙ ክርክሮችን ስለያዝኩ፣ እኔም በግቢዬ ሁለት ውሾች ስለማሳድግ፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መኪና ለማስገባት በር ስንከፍት ውሻችን አምልጦ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ነከሰ። ቀን ቀን ታስሮ የሚውል ነው፤ ያን ዕለት ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነበር። ጥፋት ሳይኖርብኝ እጠየቃለሁን?

መልስ፦ አዎ፣ ይጠየቃሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ሲደነግግ፣ እንስሳው በድንገት ያመለጠ ቢሆን ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ እንደማይቀር ጨምሮ ያስቀምጣል። «ከዚህ በፊት ማንንም ነክሶ አያውቅም» የሚለውን መከራከሪያ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ካሳን በተመለከተ የሚጣራው የውሻው ጠባይ ሳይሆን የማን ውሻ እንደሆነ ነው። የሰንሰለቱ መበጠስ በቸልተኝነት አካል ላይ ጉዳት በማድረስ ወንጀል ቢከሰሱ ሊጠቅምዎ ይችል ይሆናል፤ የልጁን የሕክምና ወጪ ከመክፈል ግን አያድንዎትም።

ጥያቄ፦ በሬ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብዬ ጽፌያለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ ጽሑፉ የሚያስጠነቅቀው በርዎን የሚያንኳኳውን እንጂ መንገዱን ይዞ የሚያልፈውን አይደለም። እንዲያውም ውሻው ኃይለኛ መሆኑን ያውቁ እንደነበር የገዛ ጽሑፍዎ ይመሰክርብዎታል።

ጥያቄ፦ የጎረቤት ውሻ እየጮኸ ሲያባርራቸው እናቴ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ባለቤቱ «አልነከሳቸውም» ይላል።

መልስ፦ ሕጉ «ጉዳት» ይላል እንጂ «ንክሻ» አይልም። ውሻው ባያባርራቸው ኖሮ እንደማይወድቁ በምስክር ካስረዱ ክሱ ያስኬዳል። በዚህ አጋጣሚ፣ ባለቤቱ ከበሩ ላይ ቆሞ «አይዞዎት፣ አይናከስም» ሲል፣ መንገደኛዋ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ድንጋይ ያነሱ ለመምሰል ጎንበስ ብለው በአንድ እጃቸው መሬቱን ሲዳብሱ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ውሻው እንደማይናከስ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ገመዱን መያዝ ያለበትም እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ የግቢው ባለቤት ውጭ አገር ናቸው፤ ውሻውን ማታ ማታ የሚለቀው ዘበኛው ነው። ማንን ልክሰስ?

መልስ፦ ባለቤቱን። እንስሳውን ለራሱ ጥቅም የያዘ ወይም የተዋሰ ሰው በእጁ ሳለ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ተቀጣሪ ዘበኛ ግን ውሻውን የሚጠብቀው ለአሠሪው ነው። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

ጥያቄ፦ ልጁ አስቀድሞ ድንጋይ ወርውሮበት ቢሆንስ?

መልስ፦ የተጎጂው ጥፋት ከተረጋገጠ ካሳው ሊቀነስ ይችላል። ማስረዳቱ ግን የእርስዎ ድርሻ ነው።

ጥያቄ፦ ውሻውን ለተጎጂው ሰጥቶ ነፃ መውጣት ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ቁጥር 2073 የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው በመልቀቅ ከኃላፊነት እንዲድን በእርግጥ ይፈቅዳል። ይህ ድንጋጌ እንስሳው የእርሻ በሬ ሲሆን ቁም ነገር አለው፤ የነከሰውን ውሻ «እንካ» መባል ግን ለተጎጂው ሁለተኛ ቅጣት ይመስለኛል። ደግሞም ጉዳቱ የደረሰው በባለቤቱ ጥፋት ከሆነ፣ ለምሳሌ በሩን ክፍት ትቶ ከነበረ፣ ይህ መንገድ ዝግ ነው።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ሰው እንደነከሰ ወዲያው ምን ላድርግ?

መልስ፦ ክርክሩን ለኋላ ያቆዩት። ቁስሉ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ ከዚያም ተጎጂውን ራስዎ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ፤ የውሻውን የክትባት ካርድም ይዘው ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድነው የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዘው ክትባት ለነገ አይባልም። ውሻውን ደግሞ በንዴት አይግደሉት፤ ሰፈሩ «ይገደል» ብሎ በር ላይ ቢሰበሰብም እንኳ። አስረው ምግብና ውኃ እየሰጡ ለ10 ቀን ይጠብቁት፤ በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ሐኪሙም የቀሩትን መርፌዎች ማቋረጥ ይችል እንደሆነ የሚወስነው ይህን አይቶ ነው።