ከፌዝ እስከ ኤሳዊራ፦ የሞሮኮን ጉዞ ስለማቀድ አንባቢዎች ይጠይቃሉ

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። በመጋቢት ወር ከእናቴ ጋር ወደ ሞሮኮ ለመሄድ አስበን አንድ አስጎብኚ ድርጅት የ9 ቀን ዕቅድ ልኮልናል። በመጀመሪያው ቀን ካዛብላንካንና ራባትን፣ በሁለተኛው ሼፍሻወንን እናያለን፤ በሦስተኛው የሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ የሆነውን ቮሉቢሊስንና መክነስን አይተን ማታ ፌዝ እንገባለን፤ አራተኛውን ቀን ፌዝ እንውላለን። ከዚያ የመርዙጋ በረሃ፣ የዳደስ ሸለቆ፣ ማራኬሽ፣ ደርሶ መልስ ኤሳዊራ፣ በመጨረሻም ካዛብላንካ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ወሩም ዐቢይ ጾም ስለሚሆን ምግቧ ያሳስበኛል። ዕቅዱን እንዴት ታዩታላችሁ?

መልስ፦ በዕቅዱ የተዘረዘሩት ቦታዎች ሁሉ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ዕቅድ ሲቀርብልዎ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስንት ከተማ እንደሚያዩ ሳይሆን በየቀኑ ስንት ሰዓት መኪና ውስጥ እንደሚቀመጡ መሆን አለበት። ከፌዝ እስከ መርዙጋ ያለው መንገድ ወደ 460 ኪሎ ሜትር ሲሆን የመካከለኛውን አትላስ ተራራ ስለሚያቋርጥ ከምሳ ዕረፍት ጋር ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ከመርዙጋ ዳደስ አራት ወይም አምስት ሰዓት፣ ከዳደስ ማራኬሽ ደግሞ ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ይጠይቃል። ማራኬሽና ኤሳዊራ ደርሶ መልስ ከአምስት ሰዓት አያንስም። የተላከልዎትን ዕቅድ በዚህ መልክ ብንደምረው በ9 ቀን ውስጥ ወደ 35 ሰዓት የሚጠጋው በመንገድ ያልቃል ማለት ነው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ደግሞ ረጅም የመቀመጫ ሰዓት ከእግር ጉዞ ባልተናነሰ ሁኔታ ይጎዳል።

ስለዚህ ሼፍሻወንን እንዲተዉት እመክራለሁ። በሰማያዊ ቀለም የተቀቡት የሼፍሻወን ቤቶች ማራኪ ናቸው፤ ነገር ግን ከተማዋ በሰሜን በሪፍ ተራሮች ውስጥ ስለምትገኝ ከራባት ወደ እሷ ወጥቶ መልሶ ወደ ፌዝ መውረድ ሁለት ቀን ያጨናንቃል። በምትኩ በቀጥታ ከራባት በመክነስና በቮሉቢሊስ በኩል ወደ ፌዝ ይሂዱና የተረፈውን ቀን ለመርዙጋ ይስጡት። በዕቅድዎ መሠረት በረሃው የሚደረሰው ማታ ሲሆን የሚለቀቀው ጠዋት ነው፤ ይህን ያህል መንገድ ተጉዞ በጨለማ ደርሶ በማለዳ መነሣት፣ በእኔ አመለካከት፣ የዚህ ዓይነቱ ጉዞ ትልቁ ጉድለት ነው።

ሁለተኛ ሌሊት መርዙጋ ማደር አሸዋውን ረጋ ብሎ ከማየት በላይ ጥቅም አለው። መርዙጋ አጠገብ ያሉት የኤርግ ሸቢ የአሸዋ ተራሮች እስከ 150 ሜትር ከፍታ ያላቸው ሲሆኑ ከእነሱ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ርቆ የሪሳኒ ከተማ ይገኛል። ከሪሳኒ አጠገብ ያለው ፍርስራሽ በ8ኛው መቶ ዘመን የተቆረቆረችው ሲጅልማሳ ነው፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣው ወርቅና ከሰሃራ የሚወጣው ጨው የሚገናኙባት የሲራራ ነጋዴዎች መነሻና መድረሻ ነበረች። የታንጀሩ ተጓዥ ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1352 ወደ ማሊ የተነሣው ከዚህ ነው፤ ከ25 ቀን ጉዞ በኋላም ቤቶቿ በጨው ድንጋይ የተሠሩትን ተጋዛን እንዳገኘ ጽፏል። እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የሪሳኒ የገበያ ቀን ስለሆነ ቀኑን ከዚህ ጋር እንዲያጣጥሙልዎ ድርጅቱን ይጠይቁ። በኤርፉድ አካባቢ ደግሞ ከመንገዱ ዳር በረድፍ የተቆለሉ የአፈር ጉብታዎች ያያሉ፤ እነዚህ ኸታራ የሚባለው ውኃ ማስተላለፊያ የጥገና ጉድጓዶች ናቸው። ውኃው ከከርሰ ምድር ተነሥቶ በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ረጅም ቦይ፣ ያለ ምንም ሞተር፣ በተዳፋቱ ብቻ እየወረደ የተምር ማሳዎችን ያጠጣ ነበር። ብዙ መኪኖች ሳይቆሙ ያልፉታል፤ እርስዎ ግን ያስቁሙ።

የሲጅልማሳን ንግድ ማስታወስ የሚገባው ከተሞቹን፣ በረሃውንና ባሕሩን በአንድ ጉዞ ማየት ትርጉም የሚያገኘው በዚህ የንግድ መስመር በኩል ስለሆነ ነው። በሲጅልማሳ የገባው ሀብት ፌዝንና ማራኬሽን አሳድጓል፤ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ደግሞ ሱልጣን ሲዲ ሙሐመድ ቢን አብደላህ የአውሮፓን ንግድ በአንድ ወደብ ለመሰብሰብ ኤሳዊራን፣ ያኔ ሞጋዶር ትባል የነበረችውን፣ ቴዎዶር ኮርኑ በተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ፕላን አሠሩ። ከተማዋ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎቿ ከፌዝ ጠመዝማዛ መንገዶች ፈጽሞ የምትለየው ለዚህ ነው። ወደ ባሕሩ የተደገኑት መድፎች ያሉበት የግንብ አጥር፣ ሰማያዊ የዓሣ ጀልባዎቹ፣ የቀድሞው የአይሁድ ሰፈርና ከሰሃራ በታች በባርነት የመጡ ሰዎች ዘሮች ያቆዩት የግናዋ ሙዚቃ አንድ ሌሊት ቢያድሩባት እንጂ በሁለት ሰዓት ጉብኝት አይዳረሱም። ጉዞውን ወደ 10 ቀን ማሳደግ ከቻሉ ኤሳዊራ ይደሩ፤ ካልቻሉ ግን ደርሶ መልሱን ትተው ማራኬሽ ላይ ቀኑን በሙሉ ቢውሉ የተሻለ ነው። የመመለሻ ትኬትዎንም ከማራኬሽ የሚነሣ ማድረግ ከተቻለ ወደ ካዛብላንካ የሚወስደውን የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ያስቀርልዎታል።

ፌዝ ላይ ግን ምንም ቀን አይቀንሱ። ሐረር ጀጎልን በእግሩ ያዳረሰ ሰው የፌዝን አሮጌ ከተማ ሲያይ ጠባብ መንገዶቹ፣ ግንቡና በሮቹ እንግዳ አይሆኑበትም፤ ስፋቱ ግን ያስደንቀዋል። መኪና ወደ ውስጥ አይገባም፤ ጭነት የሚመላለሰው በአህያ፣ በበቅሎና በእጅ ጋሪ ነው። ከተማዋ በ9ኛው መቶ ዘመን ከአንዳሉስ (በሙስሊሞች ሥር ከነበረችው ስፔን) እና በዛሬዋ ቱኒዚያ ካለችው ከቀይራዋን የመጡ ስደተኞች በወንዙ ግራና ቀኝ በሠፈሩባቸው ሁለት ሰፈሮች አደገች። ከቀይራዋን ከመጣ ቤተሰብ የተወለደችው ፋጢማ አል ፊህሪ እ.ኤ.አ. በ859 እንዳሠራችው የሚነገርለት የቀራዊይን መስጊድ እስከ ዛሬ ያለማቋረጥ ሲማሩበት ከኖሩ የዓለም ጥንታዊ የትምህርት ተቋማት አንዱ ነው። የሹዋራ ቆዳ ፋቂዎች ጉድጓዶች ከላይ ከሱቆቹ ሰገነት ይታያሉ፤ ወደ ሰገነቱ የሚወስደው ደረጃ ግን ረጅም ስለሆነ እናትዎ ታች ተቀምጠው ቢጠብቁ ይሻላል።

ስለ ጉልበታቸው ሦስት ነገር አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። በአሮጌዎቹ ከተሞች የሚያድሩባቸው ሪያድ የተባሉት ቤቶች ደረጃቸው ቁልቁለታማ ሲሆን አብዛኞቹ ሊፍት የላቸውም፤ ስለዚህ ምድር ቤት ላይ ክፍል እንዲያዝላቸው ያሳስቡ። መኪናው በር ድረስ ስለማይደርስ በእግር የሚቀረው ርቀት ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሻንጣውን በጋሪ የሚያመላልሱ ሰዎች አሉ። ወደ በረሃው ሰፈር የሚገባውም በግመል ብቻ አይደለም፤ ግመል ሲነሣና ሲቀመጥ የሚያወዛውዘው ወገብና ጉልበት ስለሆነ እናትዎ በአሸዋ በሚሄድ መኪና እንዲገቡ ማድረግ የተለመደ ነው።

ምግቡን በተመለከተ አይጨነቁ፤ ግን ዝም አይበሉ። ከደረቅ ባቄላ ተፈጭቶ በወይራ ዘይትና በከሙን የሚቀርበው ቢሳራ፣ ምስር፣ ነጭ ባቄላ፣ ዛሉክ የተባለው የተፈጨ ደበርጃን ከቲማቲም ጋር፣ ወይራ፣ ተምርና ትኩስ ዳቦ በየቦታው ይገኛሉ፤ ሁሉም ለጾመኛ ይሆናሉ። ችግሩ የአትክልት ታጂን (በሸክላ ድስት የሚበስል ወጥ) እና ኩስኩስ ላይ ነው። አትክልቱ ከሥጋ ጋር በአንድ ድስት ተቀቅሎ ሥጋው ብቻ ሊወጣለት ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም የበሰለ ቅቤ ይገባበታል። ሀሪራ የተባለው ሾርባ በአብዛኛው ሥጋ አለው። ስለዚህ “አትክልት ብቻ” ማለት አይበቃም፤ የሥጋ መረቅ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት መሆኑን ድርጅቱ ለየሆቴሉ አስቀድሞ እንዲጽፍ ያድርጉ። ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ በሚሄዱበት ዓመት ከጉዞዎ ጋር መግጠሙንም ያረጋግጡ፤ ከገጠመ በትንንሽ ከተሞች ቀን ላይ የሚከፈት ምግብ ቤት ማግኘት ስለሚቸግር ምሳ ይዘው መውጣት ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ነው። ለስብሰባ ማራኬሽ ስለምሄድ “የሁለት ቀን የሰሃራ ጉዞ” የሚል ማስታወቂያ አየሁ። እውነት በሁለት ቀን ሰሃራን ማየት ይቻላል?

መልስ፦ የትኛው በረሃ እንደሆነ ስሙን ይጠይቁ። ከማራኬሽ በሁለት ቀን የሚደረሰው ብዙ ጊዜ የዛጎራ አካባቢ ነው፤ የአሸዋ ክምሮቹ ዝቅተኛ ቢሆኑም ወደዚያ የሚወስደው የድራ ሸለቆ የተምር ደኖች እጅግ ያማሩ ናቸው። አንዳንድ ድርጅቶች ደግሞ ለማራኬሽ ቅርብ የሆነውን አጋፋይን በረሃ ብለው ይሸጣሉ፤ አጋፋይ ድንጋያማ ሜዳ እንጂ የአሸዋ ተራራ የለውም። መርዙጋ ከማራኬሽ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ከሦስት ቀን ባነሰ ጊዜ አይሞከርም፤ ሦስቱም ቀን ቢሆን አድካሚ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ካለዎት የእኔ ምክር በ2,260 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን የቲሺካን መተላለፊያ አቋርጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረውን የአይት ቤንሐዱን የጭቃ ግንብ መንደር አይተው፣ ዋርዛዛት አድረው መመለስ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ መኪና የሚያዞርዎት ከሆነ ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ በክረምታቸው፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በረዶ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አስቀድሞ መያዝ ስላለበት የስብሰባውን የጥሪ ደብዳቤ ይዘው በጊዜ ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ሲሆን ፈቃድ የማገኘው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። እኔ ሙስሊም፣ የሥራ ባልደረባዬ ክርስቲያን ነች። መስጊዶቹን አብረን መጎብኘት እንችላለን? ወቅቱስ ይስማማል?

መልስ፦ በሞሮኮ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ወደ መስጊድ እንዳይገባ የሚከለክለው ሥርዓት ፈረንሳይ ሞሮኮን በጥበቃዋ ሥር አድርጋ ታስተዳድር ከነበረበት ዘመን ጀምሮ የቆየ ነው። ይህ ክልከላ የማይመለከተው ዋናው መስጊድ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመረቀው የካዛብላንካው የሐሰን ሁለተኛ መስጊድ ሲሆን ሚናራው ከ200 ሜትር አያንስም፤ እዚያ ከሰላት ሰዓት ውጭ በአስጎብኚ ሁለታችሁም ትገባላችሁ። በአትላስ ተራራ ያለው የ12ኛው መቶ ዘመን የቲንመል መስጊድም ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ክፉኛ ተጎድቷል። ቀራዊይን እርስዎ ለሰላት መግባት ይችላሉ፤ ባልደረባዎ ከበሩ ላይ ግቢውን ያያሉ። እንጨትና ኖራ ላይ የተቀረጸውን ጥበብ በቅርብ ለማየት በፌዝ የቡ ኢናንያና የአታሪን፣ በማራኬሽ የቤን ዩሱፍ መድረሳዎች (የቀድሞ የእስልምና ትምህርት ቤቶች) ለማንም ጎብኚ ክፍት ስለሆኑ አብራችሁ እነሱን ተመልከቱ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ በሐምሌና በነሐሴ የመርዙጋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ በረሃውን ይተዉት። ዱባይ የለመደ ሰው እችለዋለሁ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን የድንኳን ሰፈር እንደ ዱባይ ቤት ማቀዝቀዣ አይኖረውም ብለው ያስቡ። የአትላንቲክ ጠረፍ ግን ከሰሜን የሚወርደው ቀዝቃዛ የባሕር ሞገድና የማያቋርጠው ነፋስ ስለሚያበርዱት፣ ማራኬሽ በሙቀት ስትቃጠል ኤሳዊራ ሹራብ የሚያስለብስበት ምሽት አለ። ነፋሱ በበጋቸው ስለሚበረታ በባሕር ዳርቻው አሸዋ ላይ ተኝቶ መዋል አይመችም፤ ለእግር ጉዞ ግን ግሩም ነው። ራባት፣ ካዛብላንካ፣ ኤሳዊራ፣ በመካከሉም ሁለት ቀን ፌዝ ለእናንተ በቂና ያማረ ጉዞ ይሆናል። በካዛብላንካና በፌዝ መካከል ባቡር ስላለ ለዚያ መንገድ መኪና መከራየት አያስፈልጋችሁም።

ጥያቄ፦ ከጀርመን ነው የምጽፈው። ሹፌሩና አስጎብኚው አንድ ሰው ናቸው? ወደ ምንጣፍ ሱቅ እየወሰዱ ጊዜ ያባክናሉ የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ሹፌሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሯችሁ ይጓዛል፤ በየከተማው ውስጥ ግን የሚያስጎበኘው ፈቃድ ያለውና መታወቂያ የሚይዝ የአካባቢው አስጎብኚ ነው። ስለዚህ የዋጋ ዝርዝር ሲቀበሉ የፌዝና የማራኬሽ የከተማ አስጎብኚ ክፍያ መካተቱን ይጠይቁ፤ ካልተካተተ ዋጋው የረከሰ የመሰለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በሱቆቹ በኩል የሚባለው እውነት ነው፤ ጎብኚ ከገዛ አስጎብኚው ኮሚሽን የሚያገኝባቸው ሱቆች ብዙ ናቸው። ይህን ጠዋት ሳትወጡ በትህትና መናገር ይበቃል፦ ዛሬ ምንም ሱቅ መግባት እንደማትፈልጉ፣ ወይም አንድ ብቻ እንደምትፈልጉ። ጥሩ አስጎብኚ አይቀየምም። ምንጣፍ መግዛት ከፈለጉ ለየብቻ ጊዜ መድበው ይሂዱ። በመንገድ ላይ “ይህ በኩል ተዘግቷል፣ እኔ ላሳይህ” እያሉ የሚከተሉ ወጣቶችን አመስግነው ይለፉ። የአገሪቱ ገንዘብ ድርሃም ከሞሮኮ ውጭ እንደ ልብ ስለማይመነዘር ዩሮዎን እዚያው እየመነዘሩ፣ የሚያስፈልግዎትን ያህል ብቻ ይያዙ፤ ለሹፌሩ የሚሰጡትን ጉርሻ በመጨረሻው ቀን፣ ለከተማ አስጎብኚው ደግሞ በዕለቱ በጥሬ ገንዘብ ያዘጋጁ።