«ፋላሲ ነው!» ካልን በኋላስ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ (ፋላሲ ወይም ሕጸጽ ማለት በክርክር ውስጥ ያለ የአመክንዮ ስህተት ነው)

ጥያቄ፦ ቤተሰባችን ቢቸና አካባቢ ነው የሚኖረው። ታናሽ ወንድሜ ፕሮቴስታንት ከሆነ ወዲህ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ቤታችን ይታመሳል። እሱ «እናንተ ሥዕል ታመልካላችሁ» ይላል፤ አባታችን ደግሞ «በስንዴና በዘይት የተገዛህ፣ መጤ ሃይማኖት ይዘህ ነው የምታስተምረን?» ይሉታል። ማንኛቸው ናቸው የተሳሳቱት?

መልስ፦ በሃይማኖቱ ማን ልክ እንደሆነ ይህ ዓምድ አይፈርድም። በአከራከር ግን ሁለቱም ስተዋል፤ አሳሳታቸው ይለያያል እንጂ።

ወንድምዎ አባትዎ ያላሉትን አስብሎ ነው የሚያፈርሰው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለእግዚአብሔር ብቻ የሚቀርበውን የአምልኮ ስግደት፣ ለቅዱሳንና ለሥዕላቸው ከሚሰጠው የአክብሮት ስግደት ለይታ ታስተምራለች። ወንድምዎ «ይህ ልዩነት አያሳምነኝም» ማለት ይችላል። «መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አይለይም» ወይም «ሕዝቡ በተግባር አይለየውም» ብሎ ማስረጃውን ያምጣ፤ ያኔ ክርክር ይሆናል። ልዩነቱን እንዳልሰማ ዘሎ «ታመልካላችሁ» ሲል ግን የተነካ ነገር የለም።

አባትዎ ደግሞ ነገሩን ትተው ተናጋሪውን ያዙ። ልጁ ዘይቱን በእርግጥ ተቀብሎ ቢሆን እንኳ፣ ስለ ሥዕል የተናገረው በዚያ ምክንያት ሐሰት አይሆንም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ምንም ያልተቀበለ ሌላ ሰው ያንኑ ቃል ቢናገር አባትዎ ምን ይመልሱ ነበር? ያ ነው መልሳቸው። «መጤ» ማለቱም አያዋጣም፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያው ጳጳሳችን የሆኑት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ራሳቸው ከጢሮስ የመጡ ነበሩ። አንድ ትምህርት ከየትና መቼ እንደመጣ መታወቁ እውነት መሆን አለመሆኑን አይወስንም።

እንዲህ ላለው ክስ እንዴት እንደሚመለስ ከገዛ ታሪካችን ጥሩ ምሳሌ አለ። የሮማ ካቶሊክ ሚስዮናውያን «የአይሁድ ሥርዓት ትከተላላችሁ» ብለው ሲከሱ፣ አፄ ገላውዴዎስ በ1555 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የሃይማኖት መግለጫ ጻፉ። ክሱን አንድ በአንድ ነው የያዙት። ቅዳሜን እናከብራለን፤ ግን አይሁድ በዚያ ቀን ውኃ አይቀዱም፣ እሳት አያነዱም፣ እኛ ደግሞ ቁርባን እናቀርብበታለን አሉ። ግዝረቱን ፊት እንደመብጣት ያለ የአገር ልማድ ነው አሉ። የአሳማ ሥጋም ቢሆን የሚበላ አይናቅም፣ የማይበላም አይገደድም። የከሳሾቹን ማንነት ሳያነሱ፣ «አዎ፣ ይህን እናደርጋለን፤ ምክንያታችን ግን እናንተ ያላችሁት አይደለም» ብለው ለዩት።

በቤታችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ማንም ከመመለሱ በፊት የሌላውን ቃል በራሱ አፍ ይድገመውና «የምትለው ይህን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ያኛው «አዎ፣ እሱን ነው» እስኪል ድረስ መልስ አይጀመር። አዳማጭ የሆነ አንድ የቤተ ዘመድ ሽማግሌ ይህን ቢያስጠብቅ ይሻላል፤ ተከራካሪዎቹ ሲግሉ ይረሱታል።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የሎጂክ ኮርስ ወስጃለሁ። ከሙስሊም ጓደኛዬ ጋር ስንከራከር «ቁርኣን እውነት ነው፣ የአላህ ቃል ስለሆነ» ሲለኝ «ፋላሲ!» ብዬ እዘጋዋለሁ። አሸነፍኩት ማለት ነው?

መልስ፦ አላሸነፍክም። መደምደሚያውን በራሱ በመደምደሚያው ማስረዳት ሕጸጽ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ሕጸጹ ያለው ከምክንያት ወደ መደምደሚያ በተሻገረበት እርምጃ ላይ ነው። እርምጃው ቢሰበር መደምደሚያው ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ገና አልተረጋገጠም ማለት ብቻ ነው። ከዚህ ተነስተህ «እንግዲህ ቁርኣን ሐሰት ነው» ካልክ አንተም በተራህ ሕጸጽ ሠራህ። ደግሞ አንተስ «መጽሐፍ ቅዱስ ይላል» ብለህ አትጠቅስለትም? ሁለት ሰዎች አንድን መጽሐፍ ከተቀበሉ መጥቀስ ትክክለኛ ማስረጃ ነው፤ ለማይቀበለው ሰው ግን ገና ራሱ ማስረጃ የሚፈልግ ነገር ነው።

ጥቅስ ሲቆረጥም ተጠንቀቅ። በመዝሙረ ዳዊት «አምላክ የለም» የሚል ቃል አለ፤ ከፊቱ ያለውን «ሰነፍ በልቡ» የሚለውን ጥለህ ብታነበው የተገላቢጦሽ ይሆናል። በቁርኣን ሱረቱል ማዑን ውስጥም ለሰጋጆች «ወዮላቸው» የሚል ይገኛል፤ ቀጥሎ የሚመጣው አንቀጽ ከስግደታቸው የሚዘናጉትን ማለቱ እንደሆነ ይገልጣል። ስለዚህ ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ቢያንስ ሁለት ሁለት ቁጥር አብራችሁ አንብቡ። ቲክቶክ ላይ እንደሚታየው በአንድ ደቂቃ ዐሥር ጥያቄ የሚያዘንብ ሰው ከገጠመህ አንዱን ጻፍና እሱ ሳያልቅ ወደ ሁለተኛው አትሂድ። ያልተመለሱት ዘጠኙ የተሸነፍክ ያስመስሉሃል፣ ሰውየው ግን አንዱን እንኳ በቅጡ አላስረዳም።

ጥያቄ፦ ደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ነኝ። በቅኔ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲይዝ እንመሰገናለን። በክርክር ጊዜ ለምን ነውር ይሆናል?

መልስ፦ ቅኔ ሰሚው ሰሙን አልፎ ወርቁን እንዲፈልግ ይጋብዘዋል፤ ሁለቱ ትርጉሞች መኖራቸውን ሁሉም ያውቃል። በክርክር ውስጥ ግን ቃሉ ሰሚው ሳያውቅ ይለወጥበታል። «ሐኪም የሰጠህን መድኃኒት አምነህ ትውጣለህ፤ ስለዚህ አንተም እምነት አለህ፤ ስለዚህ የእኔን እምነት መመርመር አትችልም» የሚለውን ይመልከቱ። የመጀመሪያው እምነት ከልምድ የመጣ፣ መድኃኒቱ ካልሠራ የሚነሳ መተማመን ነው። የኋለኛው ሃይማኖት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ እዚያው እናንተ ጉባኤ ቤት ይገኛል። የአንድምታ (የመጻሕፍት ትርጓሜ) መምህር ሁለተኛውን ፍቺ አይደብቀውም፤ «አንድም» ብሎ ለብቻው ያቆመዋል። ተከራካሪውም አጠራጣሪው ቃል ላይ ሲደርስ «መተማመን፤ አንድም ሃይማኖት» ብሎ ይለየውና የትኛውን እንደያዘ ይናገር። ከዚያ ያንኑ አንድ ፍቺ በሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ እያስገባ ያንብበው፤ ትርጉም የሚያጣው ዓረፍተ ነገር ሽግሽጉ የተደረገበት ነው።