ለወጣት የሂሳብ ባለሙያዎች፦ ፊርማ ከማብዛታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ከገላን እስከ ዱከም ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ ቀጥሯችሁ «የውስጥ ቁጥጥር ሥርዓት ዘርጉልን» ቢላችሁ፣ የሌላ ድርጅት ማኑዋል ገልብጣችሁ ስሙን ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁን «ደንበኛ እኛ ዘንድ የሚመጣው ለምንድን ነው? ምን ቢበላሽ ነው የምንዘጋው?» ብላችሁ ጠይቁት። ኮሶ (COSO) የተባለው ዓለም የሚሠራበት የውስጥ ቁጥጥር ማዕቀፍም (እ.ኤ.አ. በ1992 ወጥቶ በ2013 የተሻሻለው) መነሻው የድርጅቱ ዓላማ ነው፤ ከዚያ ሥጋቱ ይመዘናል፣ ቁጥጥሩ የሚከተለው ኋላ ነው። እኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ ከፊርማ ይጀመራል።

አንድ የማውቀው የቆርቆሮ ፋብሪካ ደንበኛ የሚይዘው ቶሎ በማድረስ ነበር። የጫነ መኪና ከግቢ ለመውጣት ግን አምስት ፊርማ ይጠብቃል፤ አንዱ ፈራሚ መሀል ከተማ፣ ዋናው ቢሮ ነው የሚቀመጠው። የቃሊቲን መንገድ የምታውቁ ትርፉን ገምቱት። በዚያው ግቢ ጥሬ ዕቃ መዝኖ የሚረከበው፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ የሚቆርጠውና ሰኔ 30 ቆጠራ የሚቆጥረው አንድ ሰው ነበር። ፊርማው የበዛው በሩ ላይ፣ ሥጋቱ ያለው ሚዛኑ ላይ!

መጋዘን ግቡ። መደርደሪያው ላይ የተንጠለጠለውን ቢን ካርድ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን) አውርዳችሁ እዩት። የሦስት ወር ገቢና ወጪ በአንድ እስክሪብቶ፣ ተስተካክሎ ከተሞላ «ኦዲተር ሊመጣ ነው» ሲባል ማታውን የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። በየዕለቱ የሚሠራበት ካርድ ይቆሽሻል፣ ቀለሙ ይለያያል። ለግዢ በሚሰበሰቡት ሦስት ፕሮፎርማዎች (የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያዎች) ላይም ዋጋ ብቻ አታወዳድሩ፤ ሦስቱም ላይ ያው የፊደል ግድፈት ካለ ከአንድ እጅ መውጣታቸውን ጠርጥሩ። የዓመት ፈቃድ ወጥቶ የማያውቀውን የንብረት ኃላፊ ደግሞ «ታታሪ» ብላችሁ ከማመስገን ፈቃዱን አስወጡትና ሌላ ሰው ይተካው፤ የተደበቀ ነገር ካለ ያኔ ይወጣል። ንጹህ ከሆነ ያርፋል፣ ሐሜቱም ይቀርለታል።

የንግዱ ሁኔታ ሲቀየር ቁጥጥሩም ይከለስ። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ጥሬ ዕቃ ከውጭ ለሚያስመጣ ድርጅት የመሸጫ ዋጋ ዝርዝሩን ማን፣ በየስንት ቀኑ ያድሳል የሚለው ከፒቲ ካሽ (ለጥቃቅን ወጪ የሚያዝ ገንዘብ) ቆጠራ በላይ ያሳስበኛል።

ሰበታ ወይም ሱሉልታ ውስጥ ሦስት ሠራተኛ ብቻ ባለው ድርጅት ሥራን ለያይቶ መስጠት አይቻልም፤ በዚህ አትጨነቁ። ባለቤቱ ራሱ በየወሩ የባንክ ስቴትመንቱን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር። ስቴትመንቱን ግን በቀጥታ ከባንኩ ይውሰድ፤ ከገንዘብ ያዡ እጅ እንዳይቀበል።