የረጋ ማር ስኳር የገባበት ነው? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ! ከትግራይ የመጣ ነው ተብዬ ነጭ ማር ገዛሁ፣ ብዙም ሳይቆይ ድርቅ ብሎ በማንኪያ አልወጣ አለኝ። ጎረቤቴ ተሸውደሻል፣ ስኳር ነው የቀላቀሉልሽ ትለኛለች። ደሞ እናቴ ስኳር በሽታ አለባት፣ ግን ማር የተፈጥሮ ነው ምንም አያረግም ብላ ሻይዋን በማር ነው ምትጠጣው። ምን ትላላችሁ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህታችን፣ በመርጋቱ ብቻ ሻጩን እንዳትከሺው። ንፁህ ማርም ይረጋል፣ እንደውም አብዛኛው ማር ከቆየ መርጋቱ አይቀርም። ማር ከ100 ግራሙ 80 ገደማው ስኳር ነው፣ ውሃው 17 ወይ 18 ቢሆን ነው፣ ስኳሩ ደሞ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ። ሁለቱም 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን ነው ያላቸው፣ ቁጥሩ አንድ ነው አደራደሩ ነው ሚለየው፣ ግን በዛች ልዩነት ብቻ ፍሩክቶስ የበለጠ ይጣፍጣል ውሃ ውስጥም በደንብ ይሟሟል፣ ግሉኮስ ግን በዛች ትንሽ ውሃ ውስጥ ሁሉም ሟሙቶ መቆየት ስለማይችል ቀስ እያለ ክሪስታል ይሰራል። ስለዚ ግሉኮሱ በርከት ያለ ማር ቶሎ ይረጋል፣ ይሄን ሚወስነው ደሞ ንቧ የቀሰመችው አበባ ነው። ቅዝቃዜም ያፋጥነዋል፣ በተለይ 14 ዲግሪ አካባቢ። ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይው ይመለሳል፣ እሳት ላይ ግን አትጣጂው።

ስኳር ገብቶበት እንደሆነስ? የወንጂ ስኳር (በ1954 እ.ኤ.አ. ማምረት የጀመረው፣ ጎረቤታችሁ) ሱክሮስ ነው ሚባለው፣ አንድ ግሉኮስና አንድ ፍሩክቶስ ተያይዘው ማለት ነው፣ ሲያያዙ አንድ ውሃ ስለሚወጣ 12 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅንና 11 ኦክስጅን ይቀራል። ሚገርመው አበባ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ፈሳሽም ብዙውን ጊዜ ይሄው ሱክሮስ ነው፣ ንቧ ናት ኢንቨርቴዝ ሚባል ኢንዛይም ጨምራ ለሁለት ምትከፍለው። ለዛ ነው ኮዴክስ ሚባለው ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር ሱክሮሱ ከ100 ግራም ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ሚለው፣ ከዛ በላይ ከሆነ ያጠራጥራል። ግን ሰው ብልጥ ነው፣ ስኳሩን ለንቦቹ ራሳቸው ካበላቸው እነሱ ይከፍሉታል፣ ያኔ ይሄ ምርመራ አይዘውም። እዚ ጋ ነው ካርቦን 13 (ከተለመደው ካርቦን ትንሽ ከበድ ያለ የካርቦን ዓይነት) ሚመጣው፦ ሸንኮራ አገዳ ልክ እንደ በቆሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሚይዝበት መንገድ ንቦች ከሚቀስሟቸው አብዛኞቹ አበቦች ስለሚለይ ይሄ ከበድ ያለው ካርቦን ስኳሩ ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ላብራቶሪ ይለየዋል። በክብሪትና በውሃ ጠብታ ሚደረገውን የቤት ሙከራ በበኩሌ አላምንበትም፣ ቢበዛ ማሩ መወፈር መቅጠኑን ነው ሚነግርሽ።

የእናትሽ ነገር ግን ያሳስባል። የጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ባንድ ጊዜ ያለው ግሉኮስ በሙሉ ቢደመር 5 ግራም አካባቢ ነው (100 ሚሊግራም በዴሲሊትር ብለሽ በ5 ሊትር ደም አስቢው)፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ደሞ ወደ 17 ግራም ስኳር አለው። ፍሩክቶሱ መጀመሪያ ወደ ጉበት ይሄዳል፣ ግሉኮሱ ግን ምንም መፈጨት ሳያስፈልገው ቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ተፈጥሮ ቢሆንም ባይሆንም ሰውነቷ አይለየውም፣ ሐኪሟን ታማክር። አንድ ነገር ግን አለ፣ ኢንሱሊን ምትወስድ ከሆነና ስኳሯ ከ70 በታች ወርዶ ካላባት ካንቀጠቀጣት ያኔ ማር በጣም ጥሩ ነው፣ ራሷን ከሳተች ግን አፏ ውስጥ ምንም እንዳታረጉ፣ ሐኪም ቤት ነው።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስታርችም ሴሉሎስም ከግሉኮስ ነው የተሰሩት ተብለናል፣ ታዲያ ላም ሳር በልታ ስትወፍር እኛ ለምን አንችልም? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጎበዝ! ሁለቱም በክር እንደተሰካ ዶቃ የግሉኮስ ሰንሰለት ናቸው፣ ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። ስታርች ላይ አልፋ ሚባለው ማያያዣ ስላለ ሰንሰለቱ ይጠማዘዛል፣ ሳር ውስጥ ያለው ሴሉሎስ ላይ ግን ቤታ ነው፣ እያንዳንዱ ግሉኮስ ካጠገቡ ካለው አንጻር ተገልብጦ ስለሚቀመጥ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል፣ ቀጥ ያሉት ደሞ ጎን ለጎን በሃይድሮጅን ቦንድ ተጣብቀው ይጠነክራሉ፣ ጥጥም እንጨትም ሚቆመው በዚ ነው። ምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌዝ ሚባለው ኢንዛይም አልፋውን ብቻ ነው ሚቆርጠው። ዳቦ አፍህ ውስጥ ይዘህ ዝም ብለህ ብታኝከው ይጣፍጥሃል፣ ዳቦው ውስጥ ያለው ስታርች ማልቶስ ሚባል ስኳር እየሆነ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ማያቀውን ልንገርህ፣ ላሟም ራሷ ሴሉሎስ አትፈጭም! ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው ሚቆርጡላት፣ የተገኘውን ግሉኮስም አብዛኛውን እነሱው ይበሉትና ለሷ አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቢዩቲሪክ አሲድ ነው ሚተውላት። ከነዛ ውስጥ ፕሮፒዮኒኩን ጉበቷ መልሶ ግሉኮስ ይሰራዋል። ሳር ሙሉ ቀን በልታ ግሉኮሷን ከአሲድ ነው ምትሰራው፣ ፈተና ላይ ከመጣ እንዳትረሳ።

ጥያቄ፦ ወተት ስጠጣ ሆዴ ይነፋል፣ እርጎ ግን ምንም አይለኝም። ለምን? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ የወተት ስኳር ላክቶስ ነው፣ ግሉኮስና ጋላክቶስ ተያይዘው። ሚቆርጠው ላክቴዝ ሚባለው ኢንዛይም ብዙ ሰው ላይ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል፣ ያልተቆረጠው ትልቁ አንጀት ይደርስና ባክቴሪያ ሲያገኘው ጋዝ ይሆናል። እርጎ ላይ ግን ባክቴሪያዎቹ ቀድመው ከፊሉን ወደ ላክቲክ አሲድ ቀይረውታል፣ በዛ ላይ የራሳቸውን ኢንዛይም ይዘው ነው ሚገቡት። አይብም ሞክሪ፣ ላክቶሱ አብዛኛው ካጓቱ ጋር ስለሚሄድ ላይነካሽ ይችላል።