ክረምቱ ሳይቀንስ ወንዙ በበጋ ለምን ይነጥፋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከወሎ፣ ከኩታበር ነው። ወደ በሽሎ የሚወርደው ወንዛችን ድሮ እስከ ግንቦት ይፈስ ነበር፤ አሁን መጋቢት ላይ ጠጠሩ ይወጣል። የክረምቱ ዝናብ ግን የቀነሰ አይመስለኝም። የአየር ንብረት ለውጥ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

መልስ፦ በወሎ ተራሮች ላይ እየቀለጠ ወንዝ የሚመግብ ቋሚ በረዶ የለም። በጥርና በየካቲት የሚያዩት ውሃ ክረምት ላይ ሰርጎ በተሰነጣጠቀው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ የቆየ፣ ከዚያ በምንጭ የሚወጣ ነው። ስለዚህ የበጋውን ፍሰት የሚወስነው የዘነበው ሁሉ ሳይሆን የሰረገው ነው። ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር አየር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል፤ በዚህም ከባድ ዝናብ ይበረታል። የዓመቱ ድምር ሳይቀንስ ዝናቡ በጥቂት ቀናት ከወረደ አፈሩ መቀበል ያቅተውና በጎርፍ ይሄዳል። ትነቱም ይጨምራል። በልግ ከቀረ ደግሞ ወንዙ በክረምቱ ስንቅ ብቻ ሰኔን መድረስ አለበት።

ሆኖም ሁሉንም በአየር ንብረት ማሳበብ ስህተት ነው። የተራቆተ ተዳፋት፣ ምንጭ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍና የመስኖ ሞተርም ወንዝ ያነጥፋሉ። ለመለየት ይለኩ። ምንጩ ላይ 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሰከንድ ከሞላ፣ ፍሰቱ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው። ወንዙ ላይ ቀጥ ያለ 10 ሜትር ይምረጡና ሎሚ ይልቀቁ፤ ቅጠል ግን ነፋስ ስለሚገፋው ያሳስታል። ስፋቱ 2 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.2 ሜትር ሆኖ ሎሚው በ25 ሰከንድ ከደረሰ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው፤ ፍሰቱም 2 × 0.2 × 0.4 × 0.85 = 0.136 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 136 ሊትር ገደማ ነው። በ0.85 የሚባዛው ከላይ ያለው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ነው። ሞተሮች ሳይነሱ፣ ማለዳ፣ ዝናብ ከጣለ ቢያንስ ሳምንት ቆይተው ይለኩ።

ምንጩ እንደ ድሮው ሆኖ ታች ወንዙ ከደረቀ፣ ውሃው መንገድ ላይ እየተወሰደ ነው። ምንጩ ራሱ ከቀነሰ ግን ችግሩ ስርገቱ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ከአቅራቢያዎ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ዕለታዊውን መዝገብ ጠይቀው በየዓመቱ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ የጣለባቸውን ቀናት ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ከባድ ዝናብ እየበዛ ነው ማለት ነው። የሁለት ሦስት ዓመት አይበቃም፤ የአየር ንብረት የሚመዘነው በ30 ዓመት ነው።

መፍትሔው ከምንጩ በላይ ይጀምራል፦ ተዳፋቱን ከልቅ ግጦሽ መከለልና እርከንና ትሬንች (ውሃ ይዞ የሚያሰርግ ቦይ) መሥራት። ትሬንቹ በውሃ ልክ ካልተቆፈረ ውሃው ወደ አንድ ጫፍ ተሰብስቦ ይደረምሰዋል፣ በአንድ ክረምትም ቦረቦር ይከፍታል።